የውሃ ልክ ቀኝ ዓይን

ድካም ሲባል ለሰው የሚታየው ድንጋይ መሸከም ነው። እኔ የማውቀው ድካም ግን ተቀምጠው የሚያመጡት ነው። ጠዋት ሰርቪስ ላይ የማታውን እንቅልፍ እንጨርሳለን፣ ማታ ሰርቪስ ላይ የሚቀጥለውን እንጀምራለን፣ በመካከሉ አንድ ሄልሜት አለ። ያው ሄልሜት። ሞዴሉ ይቀየራል፣ አለቆች ይመጣሉ፣ አለቆች ይሄዳሉ፣ ሄልሜቱ ግን አላልቅ ብሎ እኛን ጨረሰን። እኔ የውስጡን ስፖንጅ ቆርጬ፣ ሰፍቼ፣ በማስቲሽ የምለጥፍ ሴት ነኝ። ከማስቲሹ ብዛት አፍንጫዬ ሽቶንና ሽንኩርትን መለየት ካቆመ ቆይቷል። ስለ እኔ ግን ይብቃ፤ ላወራ የተነሳሁት ስለ ውሃ ልክ ነው።

ውሃ ልክ ሰው ነው። ግንበኞች ግድግዳ ላይ አጋድመው ሆዷ ውስጥ ባለችው አረፋ ልክነቱን የሚያዩባትን መሣሪያ ስም ለሰው ያወጣነው እኛ የወርክሾፑ ሰዎች ነን፤ ጥፋቱ ግን የራሱ ነው። ቤት ሲገባ እንደ ሰው መጀመሪያ ሰላም አይልም። ግድግዳውን ያያል። አገጩን ቀና፣ ግራ ዓይኑን ጭፍን ያደርግና የተሰቀለውን ካላንደር በአንድ ጣቱ ገፋ አድርጎ ያቃናል። ከዚያ በኋላ ነው "እንደምን አደራችሁ" የሚለው። ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቅ ወንበር ላይ ወጥቶ የግድግዳ ሰዓት ሲያቃና ዘበኛ አውርዶታል። አንድ ቀን እኔ ቤት መጥቶ መስተዋቱን አቃና፣ የልጆቼን ፎቶ አቃና፣ የመጋረጃውን ዘንግ አቃና። ባሌን ግን አልቻለውም።

ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት መነጽር ቤት ሌንስ የሚሞርድ ሰው ነበር። ቁመቱ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ራሱ ትልቅ። የራሱን ትልቅነት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ለክቼዋለሁና። ሲቀጠር ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር ነበረው። ሄልሜቱ እየፈተገ እየፈተገ ጨረሰለት። "አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም" ብዬ ስተርበው፣ "እኔስ አውቄዋለሁ፤ ጸጉሬ ያለው አንቺ ስፖንጅ ላይ ነው" ይለኛል። እውነቱን ነው። አሮጌውን ስፖንጅ በነቀልኩ ቁጥር የእሱን ጸጉር ነበር የማገኘው።

ሥራችን ምን እንደሆነ ካላስረዳሁ ወሬው አይገባም። ሄልሜቱ የሄሊኮፕተር አብራሪዎች ነው። ጎርፍ የከበበውን፣ ገደል የገባውን ሰው ሊያወጡ የሚሄዱት አብራሪዎች። የእነዚህ ሰዎች ጠላት ጉም ነው። ጉም ውስጥ ሲገቡ ሰማይና ምድሩ አንድ ነጭ ነገር ይሆንባቸዋል፤ የቱ ላይ፣ የቱ ታች እንደሆነ ገዛ ገላቸው ይዋሻቸዋል። እውነቱን የሚነግራቸው ከፊታቸው የተደረደረው መለኪያ ነው። ግን እሱን ለማየት ጎንበስ ሲሉ ውጪው ያመልጣቸዋል፣ ውጪውን ሲያዩ እሱ ያመልጣቸዋል። ስለዚህ ሄልሜቱ ግንባር ላይ አውራ ጣት የምታክል መብራት ተገጠመች። መብራቷ በፊት መስተዋቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ አረንጓዴ መስመርና ቁጥር ትጥላለች፣ ያ ብርሃን ተመልሶ ቀኝ ዓይን ውስጥ ይገባል። አብራሪው አንገቱን ሳይደፋ፣ ውጪውን እያየ፣ የአድማሱ መስመር ከሩቅ ተንሳፎ ይታየዋል። የግራው ዓይን የሚያየው ባዶ መስተዋት ነው።

ለማውራት ቀላል ነው። መስተዋቱ ግን እንደ ማንኪያ ሆድ ጎድጓዳ ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር ሲጥሉበት ጎብጦ ይመለሳል። ስለዚህ ኢንጂነሩ መስመሩን አስቀድሞ በተቃራኒው ያጎብጠዋል፣ ጎባጣው ከጎባጣው ሲገናኝ ይቃናል። ምን ያህል ይጉበጥ? ወዴት ይዘንብል? እኛ ያረጀነው በዚህ ጥያቄ ነው።

መስመሩ ልክ መግባቱን የሚያይ ካሜራ አለን። የአብራሪው ዓይን በሚሆንበት ቦታ ይቀመጥና መስመሩን ይለካል። ያንን ካሜራ ማዘጋጀት ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ውሃ ልክ የተቀዳለት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሳል። በመጀመሪያ ሁለቱንም እናደርግ ነበር። ካሜራው ሁልጊዜ ውሃ ልክ ያለውን ይደግማል፣ እኛ ደግሞ ሰልችቶናል። ማንም ስብሰባ ጠርቶ ሳይወስን፣ ከድካም የተነሳ ብቻ፣ የወርክሾፑ ሕግ ሆነ፤ የመጨረሻው ቃል የውሃ ልክ ዓይን ነው። ካሜራው ሲቸግር ብቻ የሚወጣ ዕቃ ሆኖ ቀረ።

መስኮቱ ፊት የጥርስ ሐኪም ወንበር የመሰለ ወንበር አለ። ከመስኮቱ ማዶ፣ የመጋዘኑ ግድግዳ ላይ፣ አድማስ ይሁነን ብለን ያስቀባነው ረጅም ነጭ መስመር አለ። ውሃ ልክ ሄልሜቱን ያጠልቃል፣ አገጩን ያሳርፋል፣ ሁለቱንም ዓይኑን ይገልጣል። አብራሪ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አይበርምና እዚያ ወንበር ላይ መጨፈን ክልክል ነው። አረንጓዴውን ከነጩ ጋር እያስተያየ፣ "በግራ ትንሽ ወደ ታች... ትንሽ... ትንሽ... በቃ" ይላል። ኢንጂነሩ ቁልፍ ይጫናል። "በቃ" ከተባለ በቃ ነው። ሄልሜቱ ይታሸጋል።

ካሜራው ከእሱ ጋር መጣላት የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። እሱ "በቃ" ያለውን ካሜራው "ዘሟል" አለ። ኢንጂነሩ ጥሩ ሰው ነው፣ ትሑት ነው፣ ክረምት ከበጋ አንድ ሹራብ የሚለብስ፣ ከእኛ ሁሉ ይልቅ የደከመው ሰው ነው። ካሜራውን እያገላበጠ አየና ከአንድ እግሩ ሥር ቀጭን ቆርቆሮ ሸጎጠለት። ካሜራውና ውሃ ልክ ታረቁ። ሲሰነብት እንደገና ተጣሉ፤ ሁለተኛ ቆርቆሮ ተሸጎጠ። "ካሜራው አርጅቷል" አለ ኢንጂነሩ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ሌላ ሰው ሄልሜቱን ሞክሮ "ዘመመብኝ" ቢል መልስ ነበረን፤ "ማሰሪያውን አላጠበቅክም።"

አዲሱ ሞዴል አለቀ በተባለ ሰሞን አንዲት አብራሪ ልትሞክረው መጣች። ረጅም፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። ስፖንጁን በራሷ ልክ ሠራሁላት። በጠራ ሰማይ ወጣች፣ ዞረች፣ ወረደች። ሄልሜቱን አውልቃ "መስመሩ በግራ በኩል ይወርዳል" አለች።

"ማሰሪያው ይሆናል" አለ ኢንጂነሩ።

አጠበቅንላት። ወጣች፣ ወረደች። "በግራ ይወርዳል። ጉም ውስጥ ይህን ተከትዬ ብሄድ ሳላውቀው እያዘነበልኩ እሄዳለሁ።"

ስፖንጁን ቀየርኩ። ወጣች፣ ወረደች። "በግራ።"

የወርክሾፑ ኃላፊ ከቢሮው ወረደ። ሞዴሉ አልቋል ብሎ ለበላይ አስታውቋል፣ ስለዚህ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር። "ውሃ ልክ አይቶታል?"

"አይቼዋለሁ" አለ ውሃ ልክ።

"እንግዲያው ሄልሜቱ ደህና ነው። ዓይኗን ትመርመር።"

በቃ፣ እንዲህ በቀላሉ። ውጤቱ እስኪታወቅ እንዳትበር ታገደች። ዕቃዋን ልትወስድ እኔ ክፍል መጣችና ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"እትዬ፣ እኔ ከመብረር ሌላ የማውቀው ሥራ የለም" አለችኝ። "ዓይኗ አጠራጣሪ ነው ተብሎ አንዴ ከተወራብኝ ማን ያምነኛል? ሐኪሙ ደህና ነሽ ቢለኝስ?"

ዕቃዋን ሰብስቤ አቀበልኳት። እሷ ስትወጣ ውሃ ልክ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "ታሳዝናለች" አለኝ። "ግን መስመሩ ልክ ነው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው።" ይህን መሐላ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ምን እንደሆነ ሳላውቅ ጆሮዬን ቆረቆረኝ።

እሑድ ዕለት ለሚስቱ የሰፋሁላትን መጋረጃ ላደርስ ቤታቸው ሄድኩ። እሱ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጬ መጋረጃውን ስዘረጋ ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ። የሠርጋቸው ፎቶ በግራ ወርዷል። የልጃቸው የምርቃት ፎቶ በግራ ወርዷል። ሐይቅ ላይ ያለች ጀልባ ሥዕል አለቻቸው፤ እሷም በግራ ወርዳ ልትሰምጥ የተዘጋጀች ትመስላለች። በውሃ ልክ ቤት! የሰው ሁሉ ግድግዳ ሲያቃና የኖረ ሰው ቤት! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው ብዬ ልስቅ ነበር። የሚስቱን ፊት ሳይ ሳቄን ዋጥኩት።

"አየሽው አይደል?" አለች።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ጠዋት ሲወጣ አቃናቸዋለሁ። ማታ ሲገባ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ አንድ በአንድ መልሶ ያጣምማቸዋል። ዛሬ እሑድ ነው፣ ቤት ስለሚውል እንደተጣመሙ ይውላሉ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካለፈው ዓመት። ከዚያም በፊት እንደሆነ እንጃ።"

"ዝም ትይዋለሽ?"

መጋረጃውን ከእጄ ወስዳ ሳያስፈልግ ማጠፍ ጀመረች። "አንድ ቀን 'ኧረ ጠማማ ነው' አልኩት። ሳቅ አለና ሜትር ሊያመጣ ተነሳ። ከመሳቢያው አወጣው። ከዚያ ምን እንደታየው እንጃ፣ ሜትሩን ይዞ ትንሽ ቆመና መልሶ አስቀመጠው። አልለካም እኮ፣ እህቴ። እሱ፣ ሳይለካ ተወ! ከዚያ ወዲህ ሆድ ይፍጀው ብዬ ጠዋት ጠዋት አቃናለሁ።"

በግራ። የአብራሪዋ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። በቤቱ ግራውን ጨፍኖ በቀኙ ያያል፣ በወንበሩ ላይ አረንጓዴው መስመር የሚገባው ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ነው። ዳቦውን ይዞ ሳይመጣ ተሰናብቼ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ሳስብ የነበረው ስለ ሄልሜቱ አልነበረም። ያቺ ሴትዮ ጠዋት ጠዋት፣ ሥራዋ ሳይሆን፣ ማንም ሳያያት የምታቃናቸው ፎቶዎች ናቸው የታዩኝ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ክበቡ ውስጥ ከፊቱ ተቀመጥኩ። ብርጭቆ ግማሽ ድረስ ውሃ ሞላሁና ጠረጴዛው መሃል አስቀመጥኩት።

"ግራ ዓይንህን ጨፍንና ይህን ውሃ እየው።"

"ምን ሆነሻል አንቺ?"

"እየው ብቻ።"

"ከስፖንጅ ቆራጭ ደግሞ የዓይን ሐኪም ይወጣል እንዴ?" አለ፤ ዳቦውን ቆርሶ ግን አልጎረሰውም።

"ትናንት ቤትህ ነበርኩ" አልኩት። "ፎቶዎቹን አየሁ።"

ፊቱ ተለወጠ። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ በሩን አየ፣ ኢንጂነሩ ወዲያ ጥግ ላይ ሾርባው ፊት እያንቀላፋ መሆኑን አየ። ከዚያ ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። ብርጭቆውን አየ። እጁን ቀይሮ ቀኝ ዓይኑን ሸፈነ። እንደገና ቀየረ። ሾርባዬ እስኪቀዘቅዝ ቀያየረ።

"በቀኝ በኩል ወርዷል" አለ በመጨረሻ። "ውሃው። በቀኙ ሳየው በቀኝ በኩል ወርዷል።" ብርጭቆውን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ "ውሃ አይዘምም" አለ።

ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ ተገኘ፣ ታወቀ ብዬ። ምንም ደስ አላለኝም።

"አውቅ ነበር ብልሽ ውሸት ነው" አለኝ። "አላውቅም ነበር ብልሽም ውሸት ነው። ዓይኔ ማታ ማታ ይደክማል እል ነበር። የማይደክም ማን አለ? ሁላችንም ደክሞናል።"

"አብራሪዋ ልጅስ?"

"ከዚያ ወንበር ከወረድኩ እኔ ምንድን ነኝ?" አለ፣ ጥያቄዬን እንዳልሰማ። "ንገሪኛ! ራሰ በራ ሌንስ ሞራጅ። ሌንሱንም ዛሬ ማሽን ነው የሚሞርደው።"

"ልጅቷስ ነው የምልህ። ጉም ውስጥ የምትገባው አንተ አይደለህም።"

ብርጭቆውን አንስቶ ውሃውን ጠጣውና ትሪውን ይዞ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። ሰርቪስ ላይ ከፊት ወንበር ይቀመጣል፣ እኔ ከኋላ የተመለጠ ራሱን ሳይ እመጣለሁ፣ ሳይ እመለሳለሁ። ተናደድኩበት። አዘንኩለት። ከዚያ ሁለቱም ደከመኝ። ለኃላፊው እኔ ልናገር? ምን ብዬ? እሱ ካልተናገረው ያው የስፌት ክፍል ወሬ ነው። ደግሞስ እንዴት በአፌ ላውጣው? ያን ሁሉ ዓመት እየተራረብን፣ እየሳቅን ነው እዚህ የደረስነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ እንዲህ ነው።

የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ኃላፊው ሁላችንንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበን። አብራሪዋም ተጠርታ በሩ አጠገብ ቆማለች። ሐኪሙ ዓይኗ ደህና ነው ብሏል። ኃላፊው ግን ወረቀቱን ደጋግሞ ካየ በኋላ "እንግዲህ ሐኪምም ይሳሳታል" አለ። "ሄልሜቱ ታይቷል። ሌላ ሐኪም ጋ ትሂድ፣ እስከዚያ ሌላ አብራሪ ይሞክረው።" የልጅቷ ትከሻ ሲወርድ አየሁ። እንደ ቁጣ አልነበረም፤ ሰው ከሸክም ጋር መታገል ሲያቅተው እንደሚሆነው ነው።

"ወንበሩ ላይ ልውጣ" አለ ውሃ ልክ።

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። "አይተኸዋል እኮ።"

"እንደገና ልየው።"

ወጣ። እኔ ማሰሪያውን አጠበቅኩለት። ሁለት ዓይኑን ገልጦ ማዶ ያለውን ነጭ መስመር አየ። "አሁን አረንጓዴው ነጩ ላይ ልክ ተኝቷል" አለ። ከዚያ በዚያ ወንበር ላይ ማንም አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ግራ ዓይኑን ጨፈነ።

"አረንጓዴውና ነጩ እንደ መቀስ ተከፈቱ" አለ። "መስመሩ ዘሟል። ልጅቷ ልክ ናት። የዘመመው የእኔ ዓይን ነው፣ ሄልሜቱን በእኔ ዓይን ልክ እያጣመምነው ነው የቆየነው።"

መጀመሪያ አፉን የከፈተው ኢንጂነሩ ነው። "ጋሼ፣ ዛሬ ደክሞዎት ይሆናል" አለ፣ በልመና ድምፅ። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ሰውዬው ተሳስቻለሁ እያለ አናምንህም አልነው። ይህን ስህተት ከእኛ በቀር የሚሠራው ያለ አይመስለኝም።

"ቆርቆሮዎቹን አውጣቸው፣ ልጄ" አለው ውሃ ልክ።

ኢንጂነሩ ካሜራውን አወጣ። ከእግሩ ሥር ቆርቆሮዎቹን በካቻቢቴ ጫፍ እየፈለቀቀ ጠረጴዛው ላይ ጣላቸው። ዕቃውን አዘጋጅቶ እስኪለካ ድረስ ቁጭ ብለን ጠበቅን፣ አንዳንዱም አንቀላፋ። ካሜራው የተናገረው አብራሪዋ የተናገረችውን ነው፤ በግራ ይወርዳል። ካሜራው አላረጀም ነበር።

ጩኸት አልነበረም። ለመጮህም አቅም ይጠይቃል። የታሸጉት ሄልሜቶች ሁሉ ሊከፈቱ ነው፣ ስፖንጁ ሊነቀል ነው፣ የባለፈው ዓመት ሥራ እንዳለ ሊደገም ነው። ኃላፊው ግንባሩን ይዞ ወደ ቢሮው ወጣ። አብራሪዋ ወደ ወንበሩ ቀረበች። ውሃ ልክ ሄልሜቱን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር።

"ይቅር በይኝ፣ ልጄ" አላት።

"እኔም እኮ ዓይኔ ይሆን እንዴ እያልኩ ነበር፣ ጋሼ" አለችው። "ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር።" ከዚያ ወደ ኢንጂነሩ ዞራ መቼ እንደምትበር ጠየቀች።

የዓይን ሐኪም በኋላ ለውሃ ልክ አስረዳው። ቀኝ ዓይኑን የሚይዘው ጡንቻ ላልቶ፣ ዓይኑ በጉድጓዱ ውስጥ በትንሹ ዞሯል። እንደ ጸጉሩ ሁሉ ሳያስታውቅ ነው የሄደው። ሁለቱን ሲገልጥ ዓለሙን የሚያሳየው ደህናው ግራ ነው፤ አረንጓዴው መስመር ግን የሚገባው በቀኙ ብቻ ነበር። መነጽር ትንሽ ይረዳዋል፣ ወደ ነበረበት ግን አይመለስም።

አሁን ወንበሩ ላይ ሰዎች በየተራ ይወጣሉ፣ አንዴ ሁለት ዓይን ገልጠው፣ አንዴ አንዱን ጨፍነው ያያሉ፣ ካሜራውም በየቀኑ ይወጣል። አንድ ሄልሜት ለማሸግ ግማሽ ቀን ይጨቃጨቃሉ። ትክክሉ ይህ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ደክሞኛል። ውሃ ልክን ዕቃ ግምጃ ቤት መደቡት፤ ብሎንና ማሰሪያ ያድላል። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ቅር እንዳይለው ብለው እናቱ ባወጣችለት ስም ይጠሩት ጀመር፣ ከፊቱም "አቶ" ጨመሩበት። በተጠራ ቁጥር ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ዘግይቶ ነው ዞር የሚለው። እኔ ብቻ "ውሃ ልክ" እለዋለሁ። መጀመሪያ ቀን ስለው ሰደበኝ። ሁለተኛ ቀን ለስፖንጄ ጥሩ ጥሩውን ማስቲሽ አስቀርቶ ሰጠኝ።

ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ቤቱ ቀለም ተቀብቶ ፎቶዎቹ ወርደዋል፤ ሊሰቅሏቸው ነው። ውሃ ልክ አዲሱን መነጽሩን አድርጎ በርጩማ ላይ ቆሟል፣ የሠርጋቸውን ፎቶ በሁለት እጁ ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ሚስቱ ከእኔ ጎን ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ይህን ያህል ዘመን ስመላለስ እሷ ቁጭ ብላ እሱ ሲጠይቃት አይቼ አላውቅም።

"እንዴት ነው?" አለ፣ ሳይዞር።

"በግራ ትንሽ ወደ ላይ" አለች። "ትንሽ... ትንሽ... በቃ።"

ወረደ። ወደ ኋላ ሄዶ ከጎናችን ቆመ። መነጽሩን አወለቀ፣ ልማድ አይለቅምና አገጩን ቀና አድርጎ ግራ ዓይኑን ጨፈነ። ቀኝ እጁ ተነሳች፣ አንድ ጣቱ ተዘርግታ ወደ ፎቶው ግማሽ መንገድ ሄደች። እዚያ ቆየች።

ከዚያ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

"ቀና ነው ካልሽ ቀና ነው" አላት።